ተከራይ ያለበት ቤት

እኔ ሪል እስቴት የሚባለው ነገር ውስጥ እገባለሁ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላሰብኩም። ሸቤ ገበያ ዳር በእግር በምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና አርባ ዓመት ያህል የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ፣ ሱሪ ሳሳጥር፣ ለመስጊድ ሰዎች ጀለቢያ ስቆርጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጠላ ስዘመዝም የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ያገኘኋት ናት። ማንበብ አያቅተኝም። ስጽፍ ግን እስክሪብቶው ከመቀሱ ይከብደኛል።

ነገሩ የመጣው ከባለቤቴ ልብ ነው። ልቧ ደከመ አሉን። በየወሩ ጅማ ሆስፒታል መታየት አለባት ተባለ። ከሸቤ ጅማ በደህና ቀን ሩቅ አይደለም፤ እየተጫወቱ ይደርሳሉ። ክረምት ሲሆን ግን መንገዱ የራሱ ጸባይ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ስንወጣ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተገልብጦ አገኘን። ከኋላው ሚኒባሶች ተሰለፉ። እሷ ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ መልኩን ሲቀይር አየሁ። አንድ የማላውቀው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ያራግብላት ጀመር፣ አንዲት ሴት እግሯን ይዛ ታሻት ጀመር፣ እኔ ደግሞ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የሐኪም ካርዷን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ካርድ ምን ያደርጋል? ግን ያዝኩት።

ማታ ቤታችን ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፦ «ሁለተኛ በዚያ መንገድ አታመላልሰኝ። ወይ ወስደህ እዚያው አስቀምጠኝ፣ ወይ እዚሁ ተወኝ።»

ጅማ ለመግባት የወሰንነው በዚህ ነው።

የልጄ ባል አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራል። ደግ ልጅ ነው፣ ነገር ያውቃል። እኔ የሸቤውን ቤት ሸጬ፣ ከዚያ ጅማ ገብቼ እፈልጋለሁ ስለው በስልክ አስቆመኝ።

«አባባ፣ እንደሱ አይሆንም። ሸጠው እስኪፈልጉ ዋጋው ጥሎዎት ይሄዳል። አስቀድመው ጅማ ይግዙ። ተከራይ ያለበት ይሁን። እርስዎ ሸቤ ተቀምጠው ቤቱ ጅማ ላይ ይሠራልዎታል።»

«ቤት እንዴት አድርጎ ነው የሚሠራው ልጄ?»

«ኪራዩ ነዋ አባባ! በኪራዩ ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ቤት ይሠሩበታል። ሲገቡ እርስዎ ዋናው ቤት ይቀመጣሉ፣ ሰርቪሱን ያከራያሉ። ኢንቨስትመንት ማለት ይሄ ነው።»

እኔ በዕድሜዬ የማውቀው ካልረገጥኳት የማትሠራ መኪና ነው። ተቀምጬ የሚሠራልኝ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ነገሩ ጣመኝ፤ አልዋሽም። ለባለቤቴ ስነግራት «እስቲ እሱም ይሞከር» አለች። ያጠራቀምነውን አወጣን፣ እሷ ወርቋን አወጣች፣ ልጃችን ጨመረችበት፣ እና በሚያዝያ ወር ከአንድ ደላላ ጋር ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ገባሁ።

ደላላው ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥላ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። በጥላው እየጠቆመ ነው የሚያወራው። ቤቱን ከውጭ አሳየኝ። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሦስት ክፍል፣ ካርታ ያለው፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ አቮካዶ የቆመበት።

«አባቴ፣ ተከራይ ያለበት ቤት መግዛት በሬን ከነቀንበሩ እንደ መግዛት ነው። መጥመድ እንኳ አይጠበቅብዎትም!»

«ቢወጋኝስ?» አልኩት።

«ይሄ? ይሄ በሬ አይደለም፣ ጥጃ ነው። ገብተው ይዩታ!»

ገባን። ተከራዩ የሰው አይሱዙ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ከጌራና ከአጋሮ ቡና ያመላልሳል። ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ነበሩ። ቤቱ ሊሸጥ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ክፋት የለም። ሴትዮዋ ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ልነሳ ስል «ማሎ፣ እባክዎን አባባ፣ ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ብላ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበችልኝ። በላሁ። ጥሩ ጎደሬ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሰው ወገብ በዓይኔ እለካለሁ። ጎደሬውን ስታቀርብልኝ የቀሚሷን አወዳደቅ አየሁና በልቤ «አምስተኛ ወሯ ገብቷል» አልኩ። እግዜር በሰላም ይገላግላት ብዬም ጸለይኩ። ከዚያ አልፌ አላሰብኩም። የተማረ ሰው ቢሆን ጣቱን ቆጥሮ አምስትና አራት የት እንደሚደርስ ያይ ነበር።

ባሏን ወደ ውጭ ጠርቼ «ልጄ፣ እኔና ባለቤቴ ዓመት ሳይሞላ መምጣታችን ነው። አሟታል። ያኔ ትለቅልናለህ» አልኩት።

«አባባ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» አለኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። «ውጣ ባሉኝ ቀን እወጣለሁ።»

ደላላው ጥላውን እያወዛወዘ «በወረቀት ይሁን እንዴ?» ቢል፣ እኔ ነኝ «ቃል ይበቃል» ያልኩት። ጎደሬውን በልቼ፣ እጄ ላይ የዳጣው ሽታ ሳይጠፋ፣ ምን ብዬ ወረቀት አምጣ እለዋለሁ?

የምንፈራረም ቀን ባለቤቴም መጥታ ነበር። ደክሟት ስለነበር ሴትዮዋ የራሷ አልጋ ላይ አሳረፈቻት። ያ ክፍል በምሥራቅ በኩል ትልቅ መስኮት አለው። መጸዳጃውም በሩ ሥር ነው፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። ባለቤቴ ጋደም ብላ ጣራውን ስታይ ቆየችና ጠጋ ስል በሹክሹክታ «እዚህ ነው የምተኛው። አልጋዬ እንዲህ ዞሮ ይቀመጣል» አለችኝ። በሽታው ከገባባት ወዲህ ስለ ነገ ስታወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሐምሌ ላይ የሸቤው ቤት ገዢ አገኘ። ገዢው ጎረቤታችን የነበረ ሙስሊም የቡና ነጋዴ ነው፤ ስንት ጀለቢያ ሰፍቼለታለሁ፤ ባለሙያ ለማለት «ኡስታ» ነው የሚለኝ። «ኡስታ፣ ተረጋግተው ይውጡ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቡና ሳይለቀም ከተረከብኩ ይበቃኛል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ገዢ ከየት ይመጣል? ነገሩ ሁሉ እንደ ተለካ ልብስ የገጠመ መሰለኝ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ለተከራዩ ለመንገር ወደ ጅማ ወጣሁ። የልጄ ባል «በጽሑፍ ይስጡት አባባ፣ ሁለት ወር አስቀድመው» ስላለኝ፣ በገዛ እጄ ሦስት መስመር ጽፌ ኪሴ ከትቼ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። «ልጄ፣ እንግዲህ ጊዜው ደርሷል…» እላለሁ፤ ይከብደኛል። «እንደተነጋገርነው…» እላለሁ፤ እሱ ይሻላል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የምጸልይ መስሎት ዝም አለኝ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። አንዲት አሮጊት በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ባዶ እጅዎን ነው አራስ የሚጠይቁት?»

«ወለደች?»

«አልሰሙም? ዛሬ ስምንት ቀኗ! ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው የመጡት?»

ምን ልበላት? ተመልሼ ከሱቅ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ገዛሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ገባሁ። ያች የመስኮቱ ክፍል ውስጥ ነው የተኛችው። ገንፎ አቀረቡልኝ። ሴቶቹ «የቤቱ ጌታ መጡ፣ የቤቱ ጌታ መጡ» እያሉ ቦታ ለቀቁልኝ። የጻፍኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ገንፎውን በጎረስኩ ቁጥር ወረቀቱ ደረቴን የሚወጋኝ ይመስለኛል።

ሹፌሩ ከሥራ ሲመጣ እኔን አይቶ ፊቱ በራ።

«አባባ! እግዜር ነው ያመጣዎት። ዛሬ ልደውልልዎት ነበር።»

«ምነው በደህና?»

«ወንድ ነው። እንደሚያውቁት የእኔም የእሷም ወላጆች ሩቅ ናቸው፣ እዚህ አገር ሰው የለንም። ተመካክረን ነበር። የክርስትና አባት ይሁኑልን።»

አራሷ ከክፍሏ ሆና «ማሎ አባባ» ስትል ሰማኋት። ሴቶቹም አፌን ያያሉ።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ልጅ ክርስትና ሲያነሱለት የልጁ ወላጅ አበልጅ ይሆናል። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም፤ ይበልጣል የሚልም አለ። ወንድምና ወንድም በርስት ሲካሰሱ አይቻለሁ፤ አበልጁን ከቤት ያስወጣ ሰው ግን ስሙ ሲነሳ ሰው ወደ ጎን ይተፋል። እንዲህም ሆኖ ደግሞ፣ ልጄን ክርስትና አንሳልኝ ያለን ሰው እምቢ ማለት አለ እንዴ? አባቴ እምቢ ሲል አላየሁም። አያቴም እምቢ አለ ሲባል አልሰማሁም።

«እሺ» አልኩ። «ደስ ይለኛል።» ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ሸቤ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ሰጠሃቸው?»

«አልሰጠሁም። ወልዳለች።»

«እሰይ! ምን?»

«ወንድ።»

«እሰይ። እንግዲያ አራስ አይነካም። አርባ ቀኗን ትጨርስ፣ ገና ጊዜ አለን።» ከዚያ ፊቴን አየችና «ሌላ ምን አለ? ሌላ ነገር ይዘሃል» አለች።

«የክርስትና አባት ሆንኩ።»

ሳቀች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እስክታስላት ሳቀች። «አንተ ሰውዬ! ቤት ልታስለቅቅ ሄደህ ዘመድ ሆነህ መጣህ?» ሳቋን ስትጨርስ ግን ተነሥታ ገባች፤ እኔም ጫማዬን በቀስታ ማውለቅ ያዝኩ።

የልጄ ባል ሲሰማ አዘነብኝ እንጂ አልተቆጣም። «እንግዲያ ኪራይ ይጨምሩበት አባባ። በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

«በአበልጄ ላይ?»

«አባባ፣ ይሄ ቢዝነስ ነው።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም፣ ቢዝነስ ከሆነ ክርስትና አይነሳም ብለህ?» አልኩት። ጥያቄዬ አግባብ አልነበረም።

በአርባኛው ቀን ልጁን ክርስትና አነሳሁት። ልብሱን ራሴ ሰፋሁለት፤ እንደዚያ ቀን መርፌ ክር ማስገባት ያስቸገረኝ ጊዜ የለም። ቄሱ ስመ ክርስትናውን በጆሮዬ ነገሩኝ። ማተቡን ሲያስሩለት አልቅሶ እጄ ላይ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድን። ወደ ቤቴ ማለቴ ነው። እኔና ባለቤቴን ከላይ፣ የክብር ቦታ ላይ አስቀመጡን። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ «ይብሉ፣ ይጫወቱ» ስባል ዋልኩ። ባለቤቴ የአራሷ ክፍል ገብታ አረፍ አለች። ስትወጣ ለማንም በማይሰማ ድምፅ «መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ፀሐዩን ይከለክላል» አለችኝ።

እንግዳው ሲቀንስ ሹፌሩን ወደ አቮካዶው ሥር ወሰድኩት። አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ዓይንዎን አይቼዋለሁ። የማላውቅ አይምሰልዎት። ቤት እየፈለግሁ ነው። አሥራ አንድ ቦታ ሄጃለሁ።»

«አሥራ አንድ?»

«መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስንት ልጅ አለህ ነው። ሦስት ስል በሩ ይዘጋል። አንዷ ሴትዮማ ትልቋን ዘመድ ዘንድ ላካትና ተመልሰህ ና አለችኝ። የኔን ልጅ! እንደ ትርፍ ወንበር!» ዓይኑ እንባ አዝሏል። «ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እሺ» አልኩት። ምን ልበለው? ሊያጭበረብረኝ የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር፣ ቀበሌም እሄድ ነበር። በእውነተኛ ሰው ላይ ግን ቁጣ ከየት ይመጣል? ከኪራዩ እንሠራዋለን ያልነው ሰርቪስም የመድኃኒት ዋጋ ሆኖ ቀርቷል፤ የሸቤውም ቤት ብር ለሕክምናዋ ተይዟል፣ ጓሮው ባዶውን ነው። ቤቱ አንድ ነው፣ እኛና እነሱ ሁለት ነን።

ጥቅምት አጋማሽ ደረሰ። ገዢው አንድ ሳምንት ጨመረልኝ። ከዚያ ራሱ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«ኡስታ፣ ወላሂ ቢቻለኝ ዓመትም በተቀመጡ። ቡናው ሊወርድብኝ ነው፣ ማሳረፊያ የለኝም። ምን ላድርግ?»

«ልክ ነህ። እሑድ እወጣልሃለሁ» አልኩት። የት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሹፌሩ ደወለ። «አባባ፣ ተገኘ!» አለ እየጮኸ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ለባለቤቴ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የት አገኘህ ልጄ?»

«በቾ ቦሬ ሰፈር። አንድ ክፍል ናት፣ ግን ንጹሕ ናት።»

«አንድ ክፍል ለአምስት ሰው እንዴት ይሆናል?»

የመኪናውን ሞተር ሲያጠፋ ተሰማኝ።

«አይ አባባ… ለእኛ አይደለም። ለእርስዎና ለእማማ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ትንሽ ልጅ የላቸውም ስላት አከራይዋ ወዲያው ቁልፉን ሰጠችኝ። እኔን አሥራ አንድ ቦታ መልሰውኝ፣ ለእናንተ በአንድ ቀን ሆነ!»

ደስታው እውነተኛ ነበር። ከልቡ ነው የደከመልን። እኔም አመሰገንኩት። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ከፊቴ ሁሉን አነበበች መሰለኝ። ተነሥታ ሳህኖቹን ማሰር ጀመረች።

እሑድ አይሱዙውን ይዞ ሸቤ ድረስ መጣ። ዕቃችንን ብቻውን ተሸክሞ ጫነ። ነዳጁን ልቻል ስለው «አበልጅ አይደለንም እንዴ? አያሳፍሩኝ» አለ። ባለቤቴን ጋቢና ውስጥ ትራስ አድርጎ አስቀመጣት። ጎረቤቶቻችን ወጥተው መረቁን። አንዱ የድሮ ደንበኛዬ «ኡስታ ኢንቨስተር! ጅማ ቤት ገዝተው መግባትዎ ነው፣ እኛንም አይርሱ!» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ተከራይ ሆነን እንደምንሄድ መንገር እንዴት ይጀመራል?

የበቾ ቦሬዋ አከራያችን ባል የሞተባት፣ ንግግሯ ቀጥ ያለ፣ መልካም ሴት ናት። ሆስፒታሉ ከሸቤ እንደምንመጣበት አይደለም፣ ቅርብ ነው፤ ለዚህ ማመስገን ይገባል። ክፍሏ ግን አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው ያላት፣ እሱም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። መጸዳጃው ከግቢው ቁልቁል ወርዶ ጥግ ላይ ነው። ባለቤቴ ስትወርድ አንድ ጊዜ፣ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ታርፋለች። ለማረፊያ ብዬ መንገዱ መሃል በርጩማ አስቀመጥኩላት።

ገና የገባን ሰሞን አከራያችን ጠየቀችኝ።

«ቦሳ ኪቶ ቤት አላችሁ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ተከራይ አለበት።»

አይታኝ አይታኝ «ኧረ እኔም ላይ አለ» ብላ ሳቀች። ነገሯ ያስቃል፤ ባለቤቴም ስትሰማ ፈገግ ብላለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመቱ ዞረ። በየበዓሉ ይጠሩናል። ልጁ ዳዴ አለ፣ ከዚያ ቆመ፣ እኔን ሲያይ ሱሪዬን ይይዛል። ኪራዩን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ቤት እየፈለገ እንደሆነም በየጊዜው ይነግረኛል፤ አምነዋለሁ። ባለቤቴ ግን እየቆየ መሄዱን ቀነሰች። «ደከመኝ» ትላለች። እውነትም ደክሟታል። እኔ ግን ያንን ክፍል ማየት ያደክማት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ የመጸዳጃው መንገድ ጭቃ ሆነ። አንድ ጠዋት ከመጸዳጃው ስትመለስ አንሸራተታትና ወደቀች። አጥንቷ አልተጎዳም። ከጭቃው ላይ ስናነሳት ግን ልቧ በነጠላዋ ላይ ሲዘል ይታይ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየችና እንዲህ አለች፦

«ነገ ሂድና ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እንደ ሁልጊዜው አይደለም። አፍህን ከፍተህ ንገራቸው። አንድ ክረምት አሳልፌያለሁ። ይሄንንም እዚህ…» አለችና አልጨረሰችውም።

በማግስቱ ሄድኩ። ሹፌሩ ጌራ ሄዷል፤ ሚስቱ ብቻዋን ናት። ሕፃኑ ተኝቷል። ወንበር ጠረገችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር ስለማውቅ ቆሜ ነው የነገርኳት። ባለቤቴ መውደቋን፣ ክፍሉን፣ መጸዳጃውን፣ ሁሉንም። «ልጄ፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» አልኩ። በቃ፣ ተነገረ። አፌ ላይ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ሲነገር ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወይም ትለምነኛለች ብዬ። አላደረገችም።

«እሺ አባባ» አለች። «ልክ ነዎት። እማማ እንዲህ ሆነውማ አይሆንም።» ይህን ብላ ወደ ቡፌው ሄደች። ሲኒዎችና ብርጭቆዎች አወረደች። የልጆቹን አሮጌ ልብስ አምጥታ አንድ በአንድ ትጠቀልል ጀመር። እጇ አይቸኩልም። ዕቃ ማሰር እንደለመደች ያስታውቃል፤ በትዳር ዘመኗ ስንት ቤት እንደለቀቀች አልጠየቅኋትም።

«ዛሬ አላልኩም እኮ» አልኳት።

«ቢጀመር ይሻላል አባባ።»

«የት ትገባላችሁ?»

«እግዜር ያውቃል» አለች። እንደ ወቀሳ አይደለም፤ ዝም ብላ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። አንድ ብርጭቆ ጠቅልላ ሌላውን አነሳች።

ትልቋ ልጅ ከሰፈር መጣች። በሩ ላይ ቆማ ባዶውን ቡፌ አየች፣ የታሰረውን አየች፣ እኔን አየች። እጇን ፍሬሙ ላይ አድርጋ አልገባም አለች።

«እማዬ፣ ደግሞ ልንሄድ ነው?»

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ ብርጭቆው እጇ ላይ ነው።

«አይደለም» አልኩ እኔ። «ብርጭቆዎቹ ሊታጠቡ ነው።»

ከዚያ ሌላ ምን ይደረግ? ሳፋ ቀርቦ ውሃ ተሞላ። እሷ የጠቀለለችውን መልሳ ፈታች። ንጹሑን ብርጭቆ ታጥባለች፣ እኔ እቀበልና አደርቃለሁ፣ ልጅቱ ወደ ቡፌው ትመልሳለች። ስንጨርስ ሕፃኑ ነቅቶ መጣና እግሬን ያዘ። ስወጣ እናቲቱ እጄን ሳመች። እኔ ያልኩትን ያላልኩ፣ እሷ የሰማችውን ያልሰማች ሆነን ተለያየን።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀና ብላ ነበር።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«አፍህን ከፍተህ?»

«ከፍቼ።»

«ምን አሉ?»

«እሺ አሉ።»

«እሺ ካሉ ታዲያ መቼ ነው የምንገባው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ገና ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ስለ ብርጭቆዎቹ፣ በር ላይ ስለቆመችው ልጅ። ሳልነግራት አይታ ጨረሰች መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ብርድ ልብሱን ወደ እግሬ ሳብልኝ» አለች ብቻ።

ሳብኩላት። ያን ጊዜ አከራያችን ከውጭ «ውሃ መጥቷል! ጄሪካን ያላችሁ ቶሎ በሉ!» ብላ ጮኸች። ከሦስት ቀን በኋላ መምጣቱ ነው፤ ካልቀዱት ይሄዳል። ሁለቱን ጄሪካኖች አንሥቼ ወጣሁና ከሌሎቹ ተከራዮች ኋላ ተሰለፍኩ።